«ሃኪማ»፦ የአንድ የስፔን ቃል አመጣጥ እና ስለ ፈረስ ልጓም የሚደረገው ክርክር

የፈረስ ስፖርት ክርክር ከባለሙያዎች ክበብ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በቶኪዮ ኦሎምፒክ የዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር ላይ አንዲት ተወዳዳሪ በዕጣ የደረሳት ፈረስ አልታዘዝ ሲላት በአለንጋ ስትመታው፣ አሠልጣኟም በቡጢ ሲነርቱት ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ግልቢያ ከፓሪስ 2024 በኋላ ከዚያ ስፖርት እንዲወጣ ተደረገ። የፓሪሱ ውድድር ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ደግሞ ብሪታንያዊቷ የኦሎምፒክ ባለድል ሻርሎት ዱጃርደን በሥልጠና ላይ ፈረስን ደጋግማ በአለንጋ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ራሷን ከውድድሩ አገለለች። ጥያቄው ከአለንጋው አልፎ ወደ ልጓሙ ደረሰ፦ ፈረስን አፉ ውስጥ ብረት ሳያስገቡ መጋለብ ይቻል የለም ወይ?

ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚነሣ ቃል «ሃካሞር» ነው፤ በእንግሊዝኛ አፍ ውስጥ ብረት ለማያስገባ ልባብ የሚሰጥ ስም። አንዱ ወገን የፈረሱን አፍ የሚያሳርፍ የርኅራኄ መሣሪያ አድርጎ ያቀርበዋል። ሌላው ወገን የአፍንጫ አጥንትን የሚጎዳ ጨካኝ ዕቃ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ዕቃ አይደለም። ውዥንብሩ የተፈጠረው የሃካሞር ምንጭ የሆነው «ሃኪማ» የሚባለው የስፔን ቃል ከአገር አገር፣ ከመሣሪያ መሣሪያ ሲሸጋገር ነው።

ልባብ እና ልጓም

አማርኛ ልዩነቱን ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፤ ልባብ ደግሞ የእንስሳውን ራስና አፍንጫ የሚይዘው ጠፍር ወይም ገመድ። መዝሙረ ዳዊት «በልባብና በልጓም» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጠራቸዋል። ልጓም ከአረብኛው «ሊጃም» ጋር አንድ ዘር ነው። ከልጓሙ ወይም ከልባቡ ተነሥቶ ወደ ጋላቢው እጅ የሚመጣውን ማዘዣ ከዚህ በኋላ ዛብ እንለዋለን። በዚህ አነጋገር ሃኪማ ልባብ ነው። የሚገርመው ቃሉ ሲወለድ የልጓም ስም የነበረ መሆኑ ነው።

የቃሉ መንገድ

የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ሃኪማን እንስሳ ለማሰርና ለመምራት የሚያገለግል፣ ከገመድ የተሠራ የራስ ማሰሪያ ብሎ ይፈታዋል። ምንጩንም በእስላማዊቷ ስፔን ይነገር በነበረው አረብኛ «ሸኪማ» ውስጥ ያገኘዋል፤ እሱም የመጣው ከጥንታዊው አረብኛ ነው። በአረብኛ ሸኪማ በፈረሱ አፍ ውስጥ ጋድም የሚያርፈው የልጓም ብረት ነው። አረቦች ዛሬም በቀላሉ የማይበገር ሰውን «ሸኪማው ብርቱ» ይሉታል፤ ለእነሱ ልጓሙ የጽናት ምልክት ሆኖ ቀርቷል፤ እኛ ደግሞ «ልጓም የለሽ» ብለን የምንገስጸው በተቃራኒው ነው።

ሙስሊሞች ወደ አይቤሪያ ከተሻገሩበት ከ711 ጀምሮ ግራናዳ እስከ ወደቀችበት 1492 ድረስ በነበረው ዘመን ስፓኒሽ የፈረስ መዝገበ ቃላቱን በብዛት ከአረብኛ ወሰደ። የጭነት ኮርቻው «አልባርዳ»፣ የጭነት በቅሎው «አሴሚላ»፣ የፈረስ ጌጡ «ሃኤስ»፣ መሳቢያ ገመዱ «ሮንሳል» ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ጋላቢ ማለት የሆነው «ሂኔቴ» እንኳ በፈጣን ግልቢያቸው ከታወቁት ከሰሜን አፍሪካ ዘናታ በርበሮች ስም የወጣ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ስፓኒሽ የኛ ቃል «ሻኪማ» ተብሎ ይነበብ ነበር፤ «ኤክስ» የምትባለው ፊደል ያን ጊዜ የ«ሸ» ድምፅ ነበራት። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ድምፁ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ወደ «ኸ» ተለወጠ። የአካዳሚው የ1815 የአጻጻፍ ማሻሻያ ደግሞ በዚያች ፊደል ፋንታ «ሆታ» የምትባለውን አስገባ። ሜክሲኮ የምትባለው አገር ስሟን በአሮጌው ፊደል ስለያዘች ነው ራሳቸው ሜክሲኮዎች ሲጠሯት «ሜኺኮ» የምትሆነው።

ትርጉሙ እንዴት ተገለበጠ? አሳማኙ መንገድ የክፍሉ ስም ለሙሉው ዕቃ መሰጠቱ ነው። የብረቱ ስም ለመላው የራስ ማሰሪያ ዋለ፤ ከዚያም ብረቱ ቢወጣም ስሙ ከማሰሪያው ጋር ቀረ። ስፓኒሽ ለብረቱ «ፍሬኖ» እና «ቦካዶ» የሚሉ የላቲን ዘር ያላቸው ቃላት ስለነበሩት የአረቡ ስም ወደ ገመዱ መሸሹ አያስገርምም። ቃሉ ዘርም ዘርቷል። «ሃኪማሶ» በሃኪማ መመታት ነው፤ በንግግር ደግሞ ሰው ላይ የሚደርስ ከባድ ሐዘን ወይም ብስጭት ማለት ሆኗል።

ከ«ሐኪም» ጋር ይዛመዳል ወይ?

በፈረስ መጽሔቶች ሌላ ማብራሪያ ይዘዋወራል። ቃሉ የመጣው ከ«ሐከማ» ነው ይላል፤ ሐከማ በአረብኛ የፈረሱን አገጭና መንጋጋ የሚከብበው የልጓም ክፍል ነው። ሥሩ መግታትና መፍረድ የሚል ትርጉም ስላለው ሐኪም፣ ሑክም፣ ሒክማ የሚሉት ቃላት ሁሉ ወንድሞቹ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪም ሃኪማ ሲባል ቀድሞ ጆሮው ላይ የሚደርሰው ሐኪም ነው። ማብራሪያው የሚስብ ጎን አለው፤ ሐከማ ከአፍ ውጭ የሚያርፍ ክፍል በመሆኑ በትርጉም ከሸኪማ ይልቅ ለዛሬው ሃኪማ ይቀርባል።

የሚጥለው የድምፅ ሕግ ነው። የአረብኛ «ሐ» ወደ ስፓኒሽ ሲገባ ወይ ይጠፋል ወይ በኋላ ድምፅ አልባ የሆነችውን «አቼ» ፊደል ይሆናል። የፈረስ ማበጠሪያው «አል-ሚሐሳ» «አልሞሃሳ» ተብሎ በአቼ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው። የድሮው ሻኪማ ግን የሚጀምረው በ«ሸ» ነው፤ «ሐ» ወደ «ሸ» የሚያልፍበት መንገድ በዚያ ቋንቋ ውስጥ የለም። ዛሬ የምንሰማው የጉሮሮ ድምፅ ቃሉ ወደ ስፓኒሽ ከገባ ከብዙ ዘመን በኋላ በስፔን ምድር የተፈጠረ ነው። የሐከማ ደጋፊዎች የኋላውን አነባበብ ይዘው ወደ ኋላ ስለሚቆጥሩ ነው የሚሳሳቱት።

ውቅያኖሱን ሲሻገር

ኮሎምበስ በ1493 ሁለተኛ ጉዞው ፈረሶችን ወደ ካሪቢያን አመጣ፤ ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲገባ 16 ፈረሶች ይዞ ነበር። ከ250 ዓመት በኋላ፣ በ1769፣ የስፔን ጉዞ ሳን ዲዬጎ ደርሶ በካሊፎርኒያ የሚስዮን ሰፈሮች ሲመሠረቱ ከብት እርባታው በፈረሰኛ እረኞች፣ በ«ቫኬሮ»ዎች እጅ ተስፋፋ። የሃኪማ ሥልጠና ወደ ረቀቀ ሙያ ያደገው በነዚያ ሰፊ የግጦሽ መሬቶች ነው። ጊዜ ሞልቶ ነበር፤ ፈረስ ለመግራት የሚቸኩል አልነበረም።

ካሊፎርኒያ በ1848 ወደ አሜሪካ ስትተላለፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከብት ጠባቂዎች ሙያውን ከነቃላቱ ተቀበሉ፤ ቃላቱን ግን በጆሯቸው ልክ ቀረጿቸው። ሃኪማ ሃካሞር ሆነ። ቫኬሮ «ባካሩ» ተባለ። ከሜክሲኮ ነባር ቋንቋ ከናዋትል የመጣው ገመድ «ሜካቴ» እንደ አየርላንድ የቤተሰብ ስም «መካርቲ» ሲባል፣ የአንገት ማሰሪያው «ፊያዶር» ጭራሽ «ቴዎዶር» የሚባል ሰው ሆኖ አረፈው።

በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድም ስሙ አንድ ዓይነት አልቀረም። በስፔን ሃኪማ ማለት አሁንም ተራ የማሰሪያ ልባብ ነው። በቺሊ ከጠፍር የተሠራ የመግሪያ ልባብ ነው። በአርጀንቲና ሥራውን የሚጋሩት የአፍንጫ ማሰሪያው «ቦሳል» እና «ቦካዶ» ናቸው፤ የዚያ አገር ቦካዶ በፈረሱ የታችኛ መንጋጋ ላይ የሚታሰር ለስላሳ ጠፍር እንጂ ብረት አይደለም።

ቦሳሉ፦ ክፍሎቹ እና ልኩ

የካሊፎርኒያው ሃኪማ ሦስት ነገሮች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው። መጀመሪያ ቀላል የራስ ማሰሪያ አለ፤ ሥራው ሌላውን ተሸክሞ መያዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦሳል ነው፤ ከጠፍር ተጎንጉኖ እንደ እንባ ጠብታ የተቀረጸ የአፍንጫ ቀለበት። ከላይ በአፍንጫው ላይ የሚያርፍ ወፈር ያለ ክፍል አለው፤ ከዚያ ሁለት ጎኖች በጉንጮቹ ላይ ወርደው ከአገጩ ኋላ «ተረከዝ» በሚባል ከባድ ቋጠሮ ይገናኛሉ። ሦስተኛው ሜካቴ ነው፤ 6.7 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በባህሉ ከፈረስ ፀጉር የሚገመድ ገመድ። ከጋማ የተሠራው ለስላሳ ነው፤ ከጭራ የተሠራው ይኮሰኩሳል። ሻካራነቱ ለጥቅም ነው፤ ዛቡ አንገቱን ሲነካው ፈረሱ ሳይጎተት ይሰማዋል።

ቦሳል በውፍረቱ ይታወቃል። ገና የሚገራ ፈረስ በ19 ወይም በ16 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ እየገባው ሲሄድ ወደ 13፣ ከዚያ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከልጓም ሥር የሚታሰረው ትንሹ «ቦሳሊታ» ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የሜካቴው ውፍረት ከቦሳሉ ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ቀጭን ቦሳል ላይ ወፍራም ገመድ ከታሰረ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል።

የጉንጉኑ ማማር ገዢን ያታልላል፤ መታየት ያለበት እምብርቱ ነው። ውስጡ ጠፍር የሆነ ቦሳል በሙቀትና በአጠቃቀም የፈረሱን ፊት ቅርጽ ይይዛል፤ ሲታጠፍም ይመለሳል። ውስጡ ደረቅ የብረት ገመድ የሆነ ርካሽ ቦሳል ግን ሲቀረጽ ያንን ቅርጽ አይዝም፤ መንጋጋውንም ይፈገፍጋል። አዲስ ቦሳል በፈረሱ ፊት ስፋት የተቆረጠ እንጨት በጎኖቹ መሃል ገብቶለት ለቀናት ይሰነብታል፤ ሥራ በማይኖረው ጊዜም እንጨቱ ውስጡ እንዳለ ይሰቀላል። ውኃ አይነካውም፤ የቆዳ ቅባት በስሱ ይበቃዋል። ውሻና አይጥ ከደረሱበት ግን ለነገ አይተርፍም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦

ወፈር ያለው ክፍል የአፍንጫው አጥንት ወደ ለስላሳ ልም አጥንት ከመለወጡ በፊት ባለው ጠንካራ ቦታ ላይ ያርፋል። በጣት አጥንቱን ተከትሎ ወደ ታች መውረድ የሚለሰልስበትን ነጥብ ያሳያል፤ ቦሳሉ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ተረከዙ ዛቡ ሲላላ ከአገጩ ተላቆ በነፃነት ይንጠለጠላል። ሜካቴው ከተረከዙ በላይ በጎኖቹ ላይ ይጠመጠማል፤ ጥምጥሙ የሚበቃው በአገጩና በገመዱ መካከል የሁለት ጣት ክፍተት ሲቀር ነው። ከጥምጥሙ መሃል 2.5 ሜትር ገደማ የሚሆን የዛብ ቀለበት ይወጣል። የቀረው ሦስት ሜትር ገደማ ጫፍ መሳቢያ ሆኖ በጋላቢው መቀነት ይሰካል ወይም ኮርቻው ላይ ይታሰራል።

እንዴት ያዝዛል?

ቦሳል ተጎትቶ የሚያቆም ዕቃ አይደለም። ጋላቢው አንዱን ዛብ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ተረከዙ ነው፤ ክብደቱ ሲወዛወዝ ፈረሱ ጫና ከመምጣቱ በፊት ምልክት ያገኛል። ቀጥሎ የቦሳሉ ጎን ጉንጩንና የመንጋጋውን ጠርዝ ይነካል። ፈረሱ ራሱን ማዞር እንደጀመረ እጁ ይለቃል፤ ቦሳሉም በራሱ ክብደት ወርዶ ከአገጩ ይላቀቃል። ትምህርቱ ያለው በመልቀቁ ውስጥ ነው። ስለዚህ እጅ የሚሠራው በየተራ ነው፤ ግራ ነክቶ ይለቃል፣ ቀኝ ነክቶ ይለቃል። ለማቆምም እንደዚሁ በአጭር በአጭሩ ይነካል እንጂ ሁለቱም ዛቦች አንድ ላይ ተወጥረው አይያዙም።

ሥልጠናው ደረጃ አለው። ከመሬት ላይ በመሳቢያው ራስን ማዞርና ወደ ኋላ መመለስ ይቀድማል። ከዚያ ተቀምጦ በእርምጃ ሰፋፊ ክቦች ይሠራሉ፤ በሶምሶማ ይደገማሉ፤ ሽምጥ የሚመጣው ፈረሱ በቀላል ንኪት መቆምን ካወቀ በኋላ ነው። በቫኬሮዎች ልማድ ይህ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ቀጥሎ ሁለት ዛብ የሚባለው ዘመን ይመጣል፤ ቦሳሊታውና ልጓሙ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ትእዛዙ በመጀመሪያ በቦሳሊታው ይሰጣል፣ ልጓሙን ፈረሱ ተሸክሞት ብቻ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ሥራው ወደ ልጓሙ ይዛወራል። መጨረሻ ላይ የሚደረሰው ልጓም ላንቃ አጠገብ የሚደርስ ማንኪያ መሰል ምላስ ያለው ሲሆን በሻካራ እጅ አፍን የሚያቆስል፣ በሠለጠነ እጅ ግን ጭርሱን የማይጎተት ነው። የካሊፎርኒያው ሃኪማ ልጓምን ለመተው ሳይሆን ለልጓም ለማዘጋጀት የተፈጠረ መሆኑን የዛሬ አድናቂዎቹ ብዙ ጊዜ አያነሡም።

ለዚህ ቅደም ተከተል ከልማድ በላይ የሆነ ምክንያት አለ፤ እሱም ጥርስ ነው። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚለውጠው በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል ገደማ ነው። በድንጉላና በሰንጋ ፈረሶች ክራንቻው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይወጣል። ሥልጠናው የሚጀመረው ድዱ በሚያምበት በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ ብረቱን ለኋላ ማቆየት ፈረሱ ልጓምን ከሕመም ጋር እንዳያያይዘው ያደርጋል።

የሚበላሸው የት ነው?

በብዛት የሚታየው ስሕተት ቋሚ ጉተታ ነው። ሁለቱም ዛቦች ተወጥረው ሲያዙ ተረከዙ አገጩ ላይ ይጣበቃል፤ መልቀቅ ስለሌለ ምልክትም የለም። ፈረሱ ቀስ በቀስ አፍንጫውን ቦሳሉ ላይ ጥሎ ይደገፋል፤ ከጋላቢው ስለሚበረታም ያሸንፋል። ጋላቢው ቦሳሉ አልሠራም ብሎ ወፍራምና ሻካራ ይገዛል። ያኔ የመንጋጋው ጠርዝ ይላጣል፤ ቁስሉ ሲድን ቆዳው ስለሚደድር ቀላል ንኪት ከእንግዲህ አይሰማውም።

ቦሳሉ ዝቅ ብሎ ከታሰረ ልም አጥንቱን ተጭኖ ትንፋሽ ያጠብባል፤ ፈረሱ ራሱን ሲወረውር ምክንያቱ አመፅ ይመስላል። በጣም ሰፍቶ ከታሰረ በሶምሶማ ጊዜ ይዘላል፤ ፈረሱ የማያቋርጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚደርሰው ሁሉንም ችላ ማለት ይማራል። ጥምጥሙ ከበዛ ደግሞ ተረከዙ አይወርድም፤ መሣሪያው ተራ ጥብቅ ልባብ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ከመጋለቡ በፊት አንድ ደቂቃ ወስዶ በማየት የሚታወቁ ናቸው።

ዘንግ ያለው ሃካሞር

ዛሬ ዕቃ ቤት ገብቶ ሃካሞር ለሚል ሰው በአብዛኛው የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የአፍንጫ ማሰሪያ፣ በሁለቱም ጎን የብረት ዘንግ፣ ከአገጩ ሥር ሰንሰለት። አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። ከቦሳል ጋር ያለው ዝምድና ግን በዚህ ያበቃል፤ አሠራሩ የማንሻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዘንጉ ከአፍንጫ ማሰሪያው በታች 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከበላይ 5 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጋላቢው ዛቡን በ2 ኪሎ ክብደት ያህል ቢስብ፣ ከላይ ያለው ጫፍ ሰንሰለቱን በሦስት እጥፍ፣ ማለትም በ6 ኪሎ ያህል አገጩ ላይ ያጠብቀዋል። አፍንጫው ላይ የሚያርፈው የሁለቱ ድምር፣ 8 ኪሎ ያህል ነው። አናቱም ከጆሮዎቹ ኋላ ወደ ታች ይጫናል። አጭር ዘንግ፣ ሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ፣ ላላ ያለ ሰንሰለት ካለው ጉልበቱ ይቀንሳል። ረጅም ዘንግና ቀጭን፣ ደረቅ ማሰሪያ ከሆነ ግን ልምድ በሌለው እጅ ከቀላል ልጓም ይልቅ ይከፋል። በአንድ ወገን መምራትም አይመችም፤ አንዱ ዛብ ብቻ ሲሳብ ዘንጉ ተጣሞ ማሰሪያውን ወደ ጎን ያዞረዋል።

በመካከላቸው ሌሎችም አሉ። ዛቡ በአፍንጫ ማሰሪያው ጎን ካለ ቀለበት የሚነሣ፣ ያለ ማንሻ የሚሠራ ልባብ አለ። ጠፍሮቹ ከመንጋጋ ሥር ተሻግረው በተቃራኒው በኩል የሚወጡበትም አለ፤ እሱ ሲጎተት ራስን ያቅፋል፤ ጠፍሩ በጠፍር ላይ ስለሚንሸራተት ግን ሲለቀቅ ይዘገያል። የስፔን «ሴሬታ» ደግሞ ከነጭርሱ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥርስ ያለው የብረት ግማሽ ክብ ሲሆን በአፍንጫ አጥንት ላይ ያርፋል። ብዙ የአንዳሉሲያ ፈረሶች አፍንጫ ላይ የሚታየው ጠባሳ የሴሬታ ሥራ ነው። «ልጓም አልባ» የሚለው ስም ሴሬታንም ያካትታል፤ ስሙን ብቻ ይዞ ስለ ርኅራኄ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

አንድ ቃል በሁለት ደንብ

ግራ መጋባቱ በመተዳደሪያ ደንቦችም ውስጥ አለ። የአሜሪካ ኳርተር ፈረስ ማኅበር በምዕራባዊ ግልቢያ (በከብት ጠባቂዎች ስልት) ውድድሮቹ ሃካሞር ሲል ተጣጣፊ ጉንጉን ቦሳል ማለቱ ነው፤ በጉንጩ በኩል ከ20 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት፣ ከአፍንጫው ጋርም ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቃል። ዘንግ ያለውን በእነዚህ ውድድሮች አይፈቅድም። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በመሰናክል ዝላይ ውድድሮች ሃካሞርን ሲፈቅድ ግን በሜዳው የሚታየው በአብዛኛው ዘንግ ያለው ነው። በዚሁ ፌዴሬሽን የድረሳዥ ውድድር፣ ማለትም ፈረስ በረቂቅ ትእዛዝ የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን በሚያሳይበት ስፖርት፣ ልጓም ግዴታ ነው። ስለዚህ «ሃካሞር ተፈቀደ» ወይም «ታገደ» የሚል ዜና የትኛው ድርጅትና የትኛው የውድድር ዓይነት እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አይነግረንም።

የድረሳዥ ሕግ ደጋፊዎች ክርክር ባዶ አይደለም። ፈረሱ ልጓሙን በለሰለሰ መንጋጋ መቀበሉ ራሱ የሚለካ ችሎታ ነው፤ ያለ ልጓም የተጋለበን ፈረስ በዚያው ሚዛን ማወዳደር ያስቸግራል ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው መልስ አላቸው፦ ተቀባይነቱ እውነተኛ ከሆነ ምርጫ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? የሁለተኛው ክርክር የሚያመዝን ይመስላል፤ ቢያንስ በዝቅተኛ ደረጃ ውድድሮች ምርጫ መስጠት የስፖርቱን መለኪያ አያፈርስም።

ማስረጃው

ልጓም ጉዳት እንደሚያደርስ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በፊንላንድ በ2019 የታተመ ጥናት ከውድድር በኋላ ከተመረመሩ 261 የሶምሶማ ፈረሶች መካከል በ84 በመቶው ልጓሙ በሚያርፍበት አካባቢ ትኩስ ቁስል አገኘ። እነዚህ ግን በሠረገላ የሚወዳደሩ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጡ ፈረሶች ስለሆኑ ቁጥሩን ለማንኛውም የተጋለበ ፈረስ መስጠት ስሕተት ነው።

ልጓም አልባ ይሻላል ለሚለው ደጋግሞ የሚጠቀሰው የ2009ኙ የሮበርት ኩክ እና የዳንኤል ሚልስ ሙከራ ነው። ፈረሶቹ ልጓሙ ወጥቶ ተሻጋሪ ጠፍር ያለው ልባብ ሲደረግላቸው የተሻለ ነጥብ አገኙ፤ ይሁንና የተሞከሩት አራት ፈረሶች ብቻ ነበሩ፤ ኩክም ያንን ልባብ ለገበያ ያቀረቡት ሰው ናቸው። አፍንጫውም ቢሆን የማይጎዳ ቦታ አይደለም። ቆዳው ስስ፣ አጥንቱ ወደ ጫፉ ቀጭን ነው፤ ስሜት የሚሸከሙ ነርቮችም ያልፉበታል። በ144 የሜክሲኮ ፈረሰኛ ጦር ፈረሶች ላይ የተደረገ የራጅ ምርመራ የአፍንጫ ማሰሪያ በሚያርፍበት አጥንት ላይ ለውጥ መዝግቧል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው፣ ጫናው በአፍም ይሁን በአፍንጫ፣ ወሳኞቹ የጫናው መጠን፣ የቆይታው ርዝመትና የመልቀቁ ፍጥነት መሆናቸው ነው።

ምን ይጠበቃል?

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2022 የፈረሶችን ደኅንነት የሚመረምር ራሱን የቻለ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። በ2025 ደግሞ የአፍንጫ ማሰሪያ ጥብቀትን በዳኛ ጣት ግምት ሳይሆን በወጥ መለኪያ የሚፈትሽ አሠራር ሥራ ላይ አውሏል። ይህ አቅጣጫውን ያሳያል፤ ደንቦች «ልጓም ያለው» እና «ልጓም የሌለው» ከሚል ክፍፍል ወደሚለካ ጫና እየሄዱ ነው። ያ ከቀጠለ ዘንግ ላለው ሃካሞር የዘንግ ርዝመት ገደብ መምጣቱ አይቀርም። ገበያው በበኩሉ ሃካሞር የሚለውን ስም ለሁሉም ነገር መስጠቱን ይቀጥላል፤ ስሙ ይሸጣልና።

ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ባሏት ኢትዮጵያ ጥያቄው የሚነሣው ከውድድር ሜዳ ይልቅ በጋሪ ፈረስ አፍ ላይ ነው። ከተጣመመ የብረት ዘንግ የተሠራ፣ ጫፉ ያልለሰለሰ ልጓም የከንፈር ማዕዘን ይቆርጣል። ቦሳል እዚህ መልስ አይሆንም፤ የተጫነ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ፈረሱን በሚገፋበት ሰዓት በንኪትና በመልቀቅ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ አይበቃም፤ ቋሚ ጉተታም ዋጋውን ያጠፋዋል። ዘንግ ያለው ሃካሞር ደግሞ ቁስሉን ከአፍ ወደ አፍንጫ ያዛውረዋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያዋጣው በአፉ ስፋት የተሠራ፣ ለስላሳ ወለል ያለው ቀላል ልጓም እና በጋሪው ላይ የሚሠራ ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ካለ ዛቡ ጋሪ ለማቆም መጎተቱ ይቀርና ለመምራት ብቻ ይውላል።